የትራስ ሳምንት

አስካለ ጡቷን ለቢላ የሰጠችው እንቅልፍ ፍለጋ ነው። ለውበት ነው የሚል ሰው ካለ አያውቃትም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ከጡቷ ጋር ስትኖር አንድም ቀን ተጣልታ አታውቅም፤ የተጣላችው ከእንቅልፍ ጋር ነው።

የዓመት ዕረፍት የሚባለው ነገር ከቀረ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች «ውጤቱ በዓይን የማይታይ ዕረፍት ዕረፍት አይደለም» ብለው የዓመቱን ፈቃድ፣ የሐዘኑን ፈቃድ፣ የሠርጉን ፈቃድ ጠራርገው አነሡና በቦታው የእድሳት ፈቃድ የሚባል አስገቡ። አፍንጫውን ላስቀረጸ ሰባት ቀን፣ ሆዱን ላስጠበበ አሥራ አራት፣ ጡቷን ላስተካከለች ሃያ አንድ። ሕዝቡ ቅር ይለዋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ እሱ ግን ተሰልፎ አጨበጨበ። ለልጇ ሠርግ ፈቃድ ያጣች እናት አገጯን አስቀረጸችና እልልታዋን በፋሻ ውስጥ ስታቀልጠው ዋለች። አባቱን የሚቀብር ጎልማሳ ለቀብሩ ሲል ጆሮውን አስቀነሰ። አስካለ ከምትሠራበት ክፍል ስልሳ ሴቶች መካከል ያልተነካ ገላ ይዛ የቀረችው እሷ ብቻ ስለነበረች፣ ባልደረቦቿ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» እያሉ ይጠይቋት ነበር።

ሥራዋ የሰው እሮሮ መስማት ነው። ውሃ የጠፋበት፣ አሳንሰር የቆመበት፣ የጎረቤቱ ሣቅ የረበሸው ሁሉ ይደውላል። መፍትሔውን የሚሰጠው ማሽኑ ነው፤ ነገር ግን ሰው ለማሽን አቤት ብሎ አንጀቱ ስለማይርስ አንድ የሰው ጆሮ ይመደብለታል። አስካለ ያ ጆሮ ነች። በቀን አሥራ አንድ ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን «እሰማዎታለሁ» ትላለች። ቤቷ ገብታ ጋደም ስትልም የሰዉ ጩኸት አብሯት ይጋደማል፤ ሦስት ሰዓት ከተኛች ዓመት በዓሏ ነው። ስለዚህ ሃያ አንዱን ቀን አሰበችው፣ አሰላሰለችው፣ ቆረጠች። ሐኪሙ «ምን ያህል እንዲሆንልዎ ይፈልጋሉ?» ቢላት «ሃያ አንድ» አለች፤ እሱ የጠየቃት ስለ መጠኑ ነበር።

የሐኪሙን ትእዛዝ በቃሏ ያዘችው፤ ደስ የሚል ትእዛዝ ነበርና። በጀርባ መተኛት፤ ከወገብ በላይ ከፍ ብሎ፣ ከጀርባም ከሁለቱ ክንዶች ሥርም ትራስ አድርጎ። በጎን መተኛት ክልክል፤ በሆድ መተኛት ጭራሽ የማይታሰብ። ክንድን ከትከሻ በላይ አለማንሣት፣ ከብርጭቆ የከበደ ነገር አለመያዝ። «ከሁሉ በላይ ይተኙ» አላት ሐኪሙ፣ «ቁስል የሚድነው ሰው ሲተኛ ነው።» አስካለ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። ካገባች ጀምሮ ተኚ ያላት ሰው አልነበረም።

የዚያ ዘመን ሰው ግን ዝም ብሎ የሚተኛ ሰው አይወድም። ድሮ አራስ ትጠየቅ እንደነበረው ሁሉ፣ የተስተካከለች ሴት ሰባት ቀን ሙሉ ሳሎኗ ውስጥ ተኝታ ትታያለች። ይህ የትራስ ሳምንት ይባላል። ጠያቂው ሁሉ የራሱ ስም በወርቅ ክር የተጠለፈበት ትራስ ይዞ ይመጣል። አልጋው ከክሊኒኩ የሚላክ ነው፤ የተኛችውን ትኩሳትና የልብ ምት እያነበበ ለክሊኒኩ ያስተላልፋል፣ እንቅልፏንም ከመቶ እያረመ ውጤቱን ግድግዳ ላይ ያበራል። እንግዳው ጭማቂውን እየጠጣ ውጤቱን ያያል፣ በሩቅ ያለ ዘመድ ደግሞ በየቤቱ ሆኖ በቀጥታ ስርጭት ይከታተላል። ከዘጠና በላይ ከመጣ ይጨበጨባል። አምና ሠላሳ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ምስኪን ስድሳ አራት አምጥታ፣ ባሏ ከሰው ጋር አሳንሰር መግባት አፍሮ አንድ ወር በደረጃ ነው የወጣውና የወረደው።

ታዲያ በስፌት የተወጠረች፣ ፊቷ ያበጠ፣ ባገላበጧት ቁጥር የምታቃስት ሴት ዘጠና ከየት ታመጣለች? አታመጣም። ስለዚህ ተኚ ይቀጠራል። ድሮ ለለቅሶ አልቃሽ ይጠራ እንደነበረው ነው፤ ልዩነቱ፣ አልቃሿን የሟች ሚስት ናት ያለ ሰው አልነበረም። ተኚዋ ግን የባለቤቲቱን የሌሊት ልብስ ለብሳ፣ በባለቤቲቱ ስም አልጋው ላይ ትወጣለች፤ እንግዳውም ጎንበስ ብሎ «እንዴት ተስማምቶሻል!» ይላታል። ባለቤቲቱ እንዳልሆነች ሁሉም ያውቃል። ማወቁንም ሁሉም ያውቃል። ግን ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም። ይህ ሕዝብ ከአባቶቹ የወረሰውን ሁሉ አንድ ባንድ ሲጥል ይሉኝታን ብቻ ሳይጥላት ቀርቷል።

የአስካለን የትራስ ሳምንት የደገሱት የባሏ አክስት እትዬ ሶልያና ናቸው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። የእሳቸው እኩዮች ሶልያና፣ ሔመን፣ ኤልዳና የሚባሉ አሮጊቶች ሲሆኑ፣ የአስካለ ትውልድ ደግሞ የቅድመ አያቶቹን ስም እንደ አዲስ ልብስ አውጥቶ ለብሷል። እትዬ ሶልያና አራት ጊዜ የታደሱ፣ ይዘው የጠየቁበትን ትራስ ቁጥር የማያስታውሱ ሴት ናቸው።

«አንቺ ምንም አታስቢ» ብለዋት ነበር። «ተኚዋ ሳሎን ትተኛልሻለች፤ አንቺ መኝታ ቤትሽን ዘግተሽ እንደ ልብሽ ነው።»

ይህ ለአስካለ ማር ሆኖ ነበር የወረደላት። ልዩው አልጋም ይቅርባት፣ ውጤቱም ይቅርባት፤ በር የሚዘጋ ክፍል ካገኘች ይበቃታል። ሰኞ ተሠርታ ረቡዕ ቤቷ ስትገባ ግን መኝታ ቤቷ ውስጥ ከኮምቦልቻ የመጡ አራት የባሏ ዘመዶች ከነሻንጣቸው ተደላድለው አገኘቻቸው። ለትራስ ሳምንቱ ነው የመጡት።

«እና ዘመድ ሆቴል ይደር?» አሉ እትዬ ሶልያና፣ አስካለ አፏን እንኳ ሳትከፍት። «ጓዳ ጥግ እናነጥፍልሻለን። እንዲያውም ጓዳ ጸጥ ያለ ነው።»

የጓዳው ጥግ የዓመቱ በርበሬ የተቀመጠበት ነው። አስካለ ከወገቧ በላይ ከፍ ማለት ስለነበረባት የበርበሬውን ከረጢት ተደግፋ ተቀመጠች፤ ባስነጠሳት ቁጥር ስፌቷ ከዳር እስከ ዳር ይሳባል። ሳሎን ውስጥ በዚያን ጊዜ መቶ አርባ ትራስ ተደርድሮ ነበር።

«እትዬ፣ ከትራሶቹ ሦስቱን ብቻ ልውሰድ» አለች ሐሙስ ጠዋት።

«ስም ያለበትን ትራስ? ኤልዳና መጥታ ትራሷን ብታጣው ምን እላታለሁ? ወይስ በሰው ጀርባ ተጨፍልቆ ታየው?» እትዬ ሶልያና ከልባቸው ነበር የደነገጡት።

እንዲህ ሆነና የሚተኙባቸው ሳይሆኑ የሚታዩ ትራሶች በዙ። እንግዳውም በዛ። እንግዳን በማሽን እጅ ማስተናገድ ነውር ነው፣ አራቱ ዘመዶች ደግሞ ራሳቸው እንግዶች ናቸው። «ይቺን ትሪ ብቻ አንዴ አድርሺልኝ» አሉ እትዬ ሶልያና። አንዴው አርባ ሆነ። አስካለ ክርኖቿን ከጎኗ ጋር አጣብቃ፣ ትሪውን በሆዷ ደግፋ፣ በራሷ ሳሎን ውስጥ ለራሷ ጠያቂዎች ጭማቂ ታዞር ጀመር። እምቢ ማለት ትችል ነበር ይባል ይሆናል። ይህን የሚለው ሰው እንግዳ የሞላበት ቤት ውስጥ እምቢ ለማለት ሞክሮ የማያውቅ ሰው ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዘነበች መጣች። ዘጠኝ ዓመት ከአስካለ ጎን ተቀምጣ «እሰማዎታለሁ» ስትል የኖረች የሥራ ባልደረባዋ ናት። አልጋው ላይ ወደተኛችው ሴት ጎንበስ ብላ «አስካልዬ፣ አንቺን መሳይ የለም» ካለች በኋላ ቀና ብላ ጭማቂ ከያዘችው አስካለ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመች።

«አንቺ የባለቤቷ እህት ነሽ መሰለኝ?» አለች ዘነበች፣ ሽፋሽፍቷ እንኳ ሳይርገበገብ። «አቤት ከወንድምሽ ጋር መመሳሰላችሁ!»

«አዎ» አለች አስካለ። ሌላ ምን ትበል? ዘነበች ብርጭቆዋን አንሥታ የባልን እህት ጤና በሰፊው ጠየቀች፣ መልሱን ሰማች፣ አመሰገነች። ግድግዳው ላይ ዘጠና ስድስት በርቶ ነበር።

ተኚዋ ደብሪቱ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ መንታ ልጆች አሏት፣ ጎህ ሳይቀድ ደግሞ የከተማውን ባቡር ታጸዳለች። ችሎታዋ ድካሟ ነው። አልጋ ላይ ጋደም ስትል እንቅልፉ እንደ ጎርፍ ይወስዳታል፤ ማስመሰል የለም፣ መወራጨት የለም። አስካለ ከጓዳ ሆና ያን የተመቸው ለስላሳ ትንፋሽ በግድግዳ በኩል ትሰማው ነበር። ሐኪሙ ያዘዘው ሁሉ እዚያ ነው፤ ከፍ ያለው ራስጌ፣ የጀርባው ትራስ፣ የክንዶቹ ትራስ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሴትየዋን እስከ መጥላት ጠላቻት።

ቅዳሜ ጠዋት አስካለ ከከረጢቱ ቀና ስትል ግራ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነበር። ገልጣ አየችው፤ ቀልቶ ያብረቀርቃል፣ ስፌቱ ዳር ዳሩን እርጥበት ጀምሮታል። ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። ክሊኒኩ ጋ ደወለች።

«እንደምን አደሩ፣ ምን እንርዳዎ?» አላት ድምፁ።

«አስካለ ነኝ፤ ሰኞ የተሠራሁት። ግራው አብጧል፣ ይነድዳል። እያንቀጠቀጠኝ ነው።»

ድምፁ ጥቂት ፈተሸ። «ወይዘሮ አስካለ በአሁኑ ሰዓት ተኝተዋል። ትኩሳታቸው ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት ነው፤ የእንቅልፍ ውጤታቸው ዘጠና ሰባት። እጅግ ጥሩ እያገገሙ ነው። እርስዎን ማን ልበል?»

«አስካለ ነኝ እኮ እያልኩህ ነው! አልጋው ላይ ያለችው እኔ አይደለሁም!»

«ታካሚያችንን መቀስቀስ አንፈልግም። መልእክት ካለዎት ሲነቁ እናደርስላቸዋለን።»

«ትኩሳት እንዳለብኝ ንገሩልኝ» አለች አስካለ።

«መልእክትዎ ተመዝግቧል። መልካም ቀን።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር። ወረቀት ከጠፋ ቆየ፤ ጠባዩን ግን ለማሽን አውርሶ ነው የሄደው። አስካለ ግድግዳውን ይዛ ወደ ባሏ ሄደች። ኢዮስያስ ሙሉ ልብሱን ለብሶ በር ላይ እንግዳ ይቀበላል፤ የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ የሚሉት ዓይነት ሰው ነው። ኮሪደሩ ውስጥ ጎትታ አቆመችው።

«ኢዮሲ፣ ታምሜያለሁ። ክሊኒክ ውሰደኝ።»

«ማክሰኞ ያልቅ የለም? ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ ቻል አድርጊው።»

«ማክሰኞ ድረስ የምደርስ አይመስለኝም። ንካኝማ፣ ግንባሬን ንካው።»

ኢዮስያስ ግንባሯን አልነካም፤ ከረባቱን ነካ። «አሁን እንግዳ መሀል ገብቼ "የምታይዋት ሚስቴ አይደለችም፣ ሚስቴ ጓዳ ናት" ልበል? እንዲህ ይባላል? ዛሬ ደግሞ በስምንት ሰዓት የሕንፃው ኮሚቴ ይመጣል፤ ሊቀ መንበሩ ራሱ ንግግር ያደርጋል።»

እትዬ ሶልያናም ከኋላ ደረሱ። ነገሩን ሰሙና በንቀት ከንፈራቸውን መጠጡ። «ትኩሳት ያልያዘው ማን አለ? እኔ በሦስተኛው ጊዜ ስፌቴ ተፈትቶ፣ ደሜን በነጠላዬ ይዤ እየሣቅሁ ነው እንግዳ የሸኘሁት። የዛሬ ልጆች ትንሽ ነገር አትችሉም። ሂጂ አረፍ በይ፤ በስምንት ሰዓት ግን ትሪውን የሚያዞር ሰው የለኝም።»

አስካለ ወደ ከረጢቷ ተመለሰች። ተናዳለች፤ ከሁሉ በላይ የተናደደችው በራሷ ነው። ቤቱ የእሷ ነው፣ አልጋው የመጣው በእሷ ስም ነው፣ የታመመችውም እሷ ናት፤ ግን ሳሎኑ ደፍ ላይ ስትደርስ እግሯ ይተሳሰራል። ሞት እንኳ ቢመጣ «እንግዳ አለ፣ በጓሮ በኩል ና» ሳትለው አትቀርም።

በምሳ ሰዓት እንግዳ የለም። ዘመዶቹ ከእትዬ ሶልያና ጋር ታች ሬስቶራንት ወረዱ፤ ኢዮስያስም አብሮ ሄደ። ደብሪቱ በዚያች ክፍተት ነው የምትነቃው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምሳዋን ትቀማምስና መልሳ ትተኛለች። ያን ቀን ግን ነቅታ መጉረስ ስትጀምር አልጋው «እንደምን ዋሉ ወይዘሮ አስካለ፤ መልእክት አለዎት። አንዲት ሴት ደውለው ትኩሳት እንዳለባቸው እንዲነገርዎ ጠይቀዋል» አላት።

ደብሪቱ የጎረሰችውን ዋጠች። አራት ቀን ሙሉ ትሪ ስታዞር፣ እንቅልፍ እስኪወስዳት በሽፋሽፍቷ ሥር ያየቻትን ሴት አስታወሰች፤ ክርኖቿን ከጎኗ የማታላቅቀውን። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፣ አስካለን ከከረጢቱ ላይ ተደፍታ አገኘቻት፣ የእጇን ጀርባ ግንባሯ ላይ አደረገች።

«ወይኔ! እሳት ሆነዋል እኮ! እርስዎ አይደሉ እንዴ የተሠሩት?»

«እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁማ እርስዎ እንደሆኑ። ሰው እንዴት እዚህ ያስተኛዎታል? እኔ ማታ ማታ መኝታ ቤት ተመችቶዎት የሚተኙ መስሎኝ! ይነሡ በሉ፣ አልጋውም የእርስዎ ነው፤ ይግቡበትና እሱ ለክሊኒኩ ይንገርልዎ።»

«አንቺስ?» አለች አስካለ። «ከአልጋው ወርደሽ ቢያገኙሽ አይቆጡም?»

«ሥራ ላይ እያለች ከአልጋ የወረደች ተኚ ከተኚዎች ማኅበር ትሰረዛለች። ይሰርዙኝ እንግዲህ። እኔ የምተኛበት አላጣም፤ ቆሜም እተኛለሁ።» በብብቷ ሥር ገብታ እያነሣቻት፣ «እትዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?» አለቻት።

አስካለ አራት ቀን የጠላቻት ሴት ትከሻ ላይ ተደግፋ ሳሎን ገባች። አልጋው ዝቅ ብሎ ተቀበላት፣ ቀስ ብሎ ከፍ አደረጋት፤ ደብሪቱ ከሁለቱ ክንዶቿ ሥር ትራስ ወተፈችላት። የማን ስም እንዳለበት አላዩም። አስካለ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪሙ እንዳዘዘው ሆነች። ሁለቴ ብቻ ነው የተነፈሰችው። ግድግዳው ላይ የነበረው ዘጠና ሰባት ወደ አሥራ አንድ ወረደ፤ ቀልቶ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት የሚል ጨምሮ፣ ይጮኽ ጀመር።

በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተ። ኮሚቴው ቀደም ብሎ ደርሶ ኖሮ እነ እትዬ ሶልያና ከታች ይዘውት መጡ። ሊቀ መንበሩ ከፊት፣ አምስት ሰዎች ከኋላ፣ መሀል ላይ አንድ ትልቅ ትራስ። ሁሉም ግድግዳውን አዩ። ሁሉም አልጋው ላይ ያለችውን አስካለን አዩ፤ ዓይኗ ፈጥጧል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ሁሉም በሌሊት ልብስ ባዶ እግሯን የቆመችውን ደብሪቱን አዩ።

«ምንኛ ጣፋጭ እንቅልፍ ነው» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ዝግ እንበል፣ እንዳትነቃ» አለች አንዷ የኮሚቴ አባል። ጫማቸውን አውልቀው፣ በጣታቸው እየተራመዱ፣ በሚጮኸው አልጋ ዙሪያ ተቀመጡ።

«እርዱኝ» አለች አስካለ።

«በሕልሟ ታወራለች፣ ሲያምርባት!» አለች ሴትዮዋ።

እትዬ ሶልያና ዓይናቸውን ከግድግዳው ነቅለው ደብሪቱን በአገጫቸው ጠቀሱ። «አንቺ፣ ምን ቆመሻል? ጭማቂ አምጪ እንጂ።» የባል እህትነቱ ወደ እሷ መዞሩ ነው። ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና «የሕንፃችን ጌጥ፣ የመልካም እንቅልፍ ተምሳሌት» ብሎ ንግግሩን ጀመረ። ጩኸቱ አላስደምጥ ስላለው ትንሽ ድምፁን ከፍ አደረገ። ኢዮስያስ እንግዳው መረበሹ አሳፈረውና ወደ አልጋው ጠጋ ብሎ የጩኸቱን መዝጊያ ተጫነ።

አልጋው ዝም አለ፤ ከዚያ በጨዋ ድምፅ ተናገረ። «ንባቡ በድንገት ስለተለወጠ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። አሁን በአልጋው ላይ ያሉት ወይዘሮ አስካለ ናቸው?»

አዎ ቢባል፣ አራት ቀን የተጨበጨበላት ማን ነበረች? አይደለችም ቢባል፣ ይቺ የምትቃጠለው ማን ናት? ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አየ፣ ዘመዶቹ ምንጣፉን አዩ፣ ኢዮስያስ የጫማውን ጫፍ አየ። አስካለ ባሏን ታየው ነበር። ስምንት ዓመት አብራው ኖራ እንደዚያች ደቂቃ አጥርታ አይታው አታውቅም፤ በጣም ትንሽ ሰው ነበር።

«ናት!» ብላ ጮኸች ደብሪቱ። «አስካለ እሷ ናት! እኔ ተቀጣሪ ነኝ! ሰው ፊታችሁ እየሞተ ንግግር ታደርጋላችሁ? አምቡላንስ ጥራ፣ አንተ አልጋ!»

አልጋው አራት ቀን ሙሉ የአስካለ ብሎ የመዘገበው የደብሪቱን ድምፅ ነበርና ወዲያው አመናት። «ተረጋግጧል። አምቡላንስ ተልኳል» አለ።

የኮሚቴዋ ሴትዮ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እንዲህ ያለ ስድ!» አለች። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አጠፈ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ያመጡትንም ትራስ አንሥቶ በብብቱ ይዞ ወጣ። እትዬ ሶልያና እስከ አሳንሰሩ ድረስ «ይቅርታ፣ ባለጌ ገብታብን ነው» እያሉ ተከተሉት። የአምቡላንሱ ልጆች ደርሰው አስካለን ሲያነሷትም፣ «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ሌላ እንግዳ እየመጣ ነው» ብለው በሩን ገርበብ አደረጉት። ኢዮስያስ እንግዳ የሚቀበል ሰው እንዳይጠፋ ቀረ። አብራት የገባችው ደብሪቱ ብቻ ነበረች፤ አምቡላንሱ ገና ሳይነሣ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

እሑድ ረፋዱ ላይ አስካለ ክሊኒክ ውስጥ ነቃች። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ በሩ ተዘግቷል፣ ድምፅ የለም። መድኃኒት በክንዷ ይንቆረቆራል። ነርሷ ገብታ ትራሷን አስተካከለችላትና ደስ ያሰኘቻት መስሏት ግድግዳውን አበራች። «ከቤትዎ የሚተላለፍ ፕሮግራም አለ፤ ይዩት እስቲ።»

የራሷ ሳሎን ነው። ትራሶቹ ተደርድረዋል፣ ጭማቂ ይዞራል፣ ኢዮስያስ በር ላይ ነው። ዘነበች ሁለተኛ መጥታለች። አልጋው ላይ፣ የአስካለ የሌሊት ልብስ ደረታቸው ላይ ተወጥሮ፣ ነጭ ፀጉራቸውን በሻሽ ሸፍነው፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው እትዬ ሶልያና ተኝተዋል። ሰባ አምስት አምጥተዋል። ዘነበች ጎንበስ ብላ «አስካልዬ፣ ልጅ አደረገሽ እኮ!» ስትላቸው በተጨፈነ ዓይናቸው ፈገግ አሉ፤ ሰዉም ዘጠና የመጣ ይመስል አጨበጨበ።

«ማን ናቸው እሳቸው?» አለች ነርሷ።

«እኔ ነኝ» አለች አስካለ። «ግድግዳውን አጥፊልኝ።»

ሐኪሙ ገባ። ከአልጋው ግርጌ ቆሞ፣ ክፉ ዜና የሚናገሩበትን ድምፅ አወጣ። «ግራው ውስጥ የከተትነው ሙሌት ተበክሏል። መውጣት አለበት። ይህን ያህል ደክመው፣ ያስለፋዎትን ነገር...»

«ስንት ቀን እተኛለሁ?»

«እዚሁ አሥራ አምስት ቀን።»

«ጠያቂ ይገባል?»

ሐኪሙ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «አይገባም። ቁስሉ እስኪጠራ ባለቤትዎም፣ ዘመድም፣ ማንም ሰው ይህን በር አያልፍም። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።»

አስካለ ጣራውን እያየች ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች። «ቀኙስ?»

«ቀኙ ጤነኛ ነው፤ ምንም አልሆነም።»

«አብሮ ቢወጣስ ነው የምልዎት። ስንት ቀን ይጨመራል?»

ሐኪሙ ግራ ገባው፤ ቢሆንም አሰበ። «አሥራ አምስት።»

«በሉ ሁለቱንም አውጡልኝ» አለች አስካለ፣ ዓይኗንም ጨፈነች።